ትበላለች ግን ኪሎ አትጨምርም፤ ስንዴና ወተት ላቁም ወይስ ልጠብቅ? (ሐዋሳ)

ሐይቅ_ዳር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ ነው የምኖረው። ልጄ 2 ዓመት ከ4 ወሯ ነው። ከምግብ አትጣላም፤ ጎረቤት ሁሉ «ይቺ ልጅ በልታ አትጠግብም» ይላታል። የምትበላው ግን ገላዋ ላይ አይታይም። ባለፈው ስትመዘን 9.4 ኪሎ ናት፤ ክረምት ሳይገባም ከዚያ ብዙም አልራቀችም ነበር። እጅና እግሯ ቀጫጭን፣ ሆዷ የተነፋ። ጫጨችብኝ።

ምግብ ላይ ያላችሁ ይቅርታ፣ ካካዋን ካልነገርኳችሁ አትረዱኝም። በቀን ሦስት አራቴ ትወጣለች። ውሃ አይደለም፤ ብዙ ነው፣ ገርጣ ያለ፣ ፖፖው ላይ የሚጣበቅ፣ ሽታውም ከቤት የሚያስወጣ። ክረምት ላይ ክፉኛ አስቀምጧት ጃርዲያ ተባለ፣ ሽሮፕ ወሰደች፣ ተሻላት፣ ከዚያ ተመልሶ ያው ሆነ። ለደም ማነስ የታዘዘላትን አይረንም ስትወስድ ቆይታ ደሟ ሲታይ ፈቅ አላለም።

ጠዋት ዳቦ በሻይ ወይም ቅንጬ ትበላለች። ምሳ እንጀራ በሽሮ፣ መክሰስ ብስኩት፣ ማታ የቡላ ገንፎ፣ ስትተኛ አንድ ጡጦ ወተት።

አማቴ የወተት ጥርሷ ነው የሚያሳምማት፣ ይነቀል ይላሉ። የባለቤቴ እህት ደግሞ አንብባ «ስንዴና ወተት ዛሬውኑ አቁሚ» አለችኝ። ሐኪሙ ምግቡ አንጀቷ ላይ በደንብ እየተመጠጠ ላይሆን ይችላል ብሎ ምርመራ ጽፎልናል፤ ከፊሉ እዚህ አይሠራም ተባልን። እስከዚያ ምን ላድርግ? ሁለቱንም ላቁም?

የመንትዮቹ_እናት፦
አይዞሽ እህቴ፣ እግዚአብሔር ይማርልሽ። የኔም አንዱ እንደዚህ አድርጎኝ ነበር፤ ሌሊት ሌሊት እየተነሳሁ ደረቱን እየዳሰስኩ አጥንት እቆጥር ነበር። የሰው ወሬ ደግሞ ከሕመሙ ይብሳል። «አታበይውም እንዴ?» የሚሉሽን አትስሚ።

አቦል_ቡና፦
ትል ነው። አልቤንዳዞል ስጪያት፣ በሳምንት ታገግማለች። ለምን ነገሩን ታከብዱታላችሁ?

ማይክሮስኮፕ፦
አቦል፣ የላብራቶሪ ሰው ነኝ፣ ትንሽ ላርምህ። አልቤንዳዞል ለወስፋትና ለመንጠቆ ትል ጥሩ ነው፣ በየስድስት ወሩ በዘመቻ የሚሰጠውም ለዚያ ነው። ያቺ አንድ ፍሬ ግን ጃርዲያን አታጠፋም። ጃርዲያ ትል አይደለም፣ በዓይን የማይታይ ነፍስ ነው፤ መድኃኒቱም ሌላ ነው፣ በኪሎዋ ተሰልቶ የሚታዘዝ።

ሐይቅ ዳር፣ አንድ ነገር ልብ በይ። ጃርዲያ በየቀኑ ከሰገራ ጋር አይወጣም። ዛሬ ታይቶ «ምንም የለም» ቢባል ነገ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ በተለያየ ቀን ሦስት ናሙና ይታይልሽ፣ ትኩሱን አድርሺ። ስትሄጂ ሐኪሙ እነዚህንም እንዲጽፍልሽ ጠይቂ፦ በሰገራው ውስጥ የስብ ጠብታ አለ ወይ፣ ያልተፈጨ ስኳር አለ ወይ፣ አሲድነቱስ ስንት ነው። ስኳር ተገኝቶ አሲዱ ከበዛ ወተቱን ያስጠረጥራል፣ ስብ በብዛት ከታየ ደግሞ ሌላ መንገድ ያሳያል። ውድ ምርመራ አይደሉም፣ ካልተጠየቁ ግን ማንም አይሠራቸውም።

ቤት ውስጥ ሌላ ልጅ አለ? ካለ እሱም ይታይ። ሳያመው ተሸክሞ ለእህቱ የሚመልስላት እሱ ሊሆን ይችላል። ውሃ አጋር ትጠቀሙ ከሆነ አትተዉት፣ ለብዙ ባክቴሪያ ጥሩ ነው፤ ጃርዲያ ግን ክሎሪንን ይቋቋማል። የልጅቷን የመጠጥ ውሃ አፍሉት። በሐዋሳ ከፍታ ውሃው ከተንፈቀፈቀ በኋላ አንድ ደቂቃ ይበቃዋል።

ዳቦ_አልባ (አዳማ)፦
እህቴ፣ ይህን ከሌላው ሁሉ በፊት አንብቢ፦ ደሟ ሳይመረመር ስንዴ አታቁሚ።

የኔ ልጅ ሴሊያክ አለባት። ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን የሚባል ፕሮቲን ሲገባ የራሷ መከላከያ አንጀቷን ያጠቃዋል። ጤነኛ አንጀት ውስጡ እንደ አዲስ ፎጣ ጸጉራም ነው፤ በዚህ ሕመም ያ ጸጉር ይረግፍና ምግቡ ሳይመጠጥ ያልፋል። አንቺ የጻፍሽውን ሳነብ የኛ ቤት መሰለኝ፤ የተነፋ ሆድ፣ ቀጭን መቀመጫ፣ በአይረን የማይነሳ ደም፣ ያ ሽታ። ያንቺም ልጅ ይኸው አለባት ማለቴ አይደለም፣ ጃርዲያም ተመሳሳይ ነገር ያደርጋል። ለዚያ ነው ምርመራ የሚያስፈልገው።

ምርመራው የደም ነው፣ ቲቲጂ አይጂኤ ይባላል፤ ከሱ ጋር አብሮ ጠቅላላ አይጂኤ (ሰውነት ለመከላከያ ከሚያወጣቸው አንቲቦዲዎች አንዱ ዓይነት ነው) መታየት አለበት። ይህችን ሁለተኛዋን ብዙ ቦታ ይረሷታል፣ አስታውሺያቸው። ደሙ የሚያሳየው ግሉተን ሲገባ ሰውነቷ በራሱ ላይ የሚያወጣውን አንቲቦዲ ነው። ስንዴ አቁማ ከቆየች አንቲቦዲው ይወርድና ወረቀቱ «ንጹሕ» ይላል። ያኔ ሕመሙ ቢኖርባትም አይታይም፤ እንደገና ለሳምንታት ስንዴ አብልታችሁ መመለስ ሊኖርባችሁ ነው፣ እያመማት። እዚህ አዳማ ናሙናውን ተቀብለው ወደ ሌላ ቦታ የሚልኩ የግል ላብራቶሪዎች አሉ፤ ሐዋሳም ጠይቂ። ካጣሽ ደሙን ብቻ ለማሰጠት አዲስ አበባ ደርሶ መመለስ ይሻላል።

ነገሩ ከስንዴ መሆኑን የደረሰበት ዲከ የሚባል የሆላንድ የሕፃናት ሐኪም ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ፣ እ.ኤ.አ. ከ1944 እስከ 45 በነበረው የአውሮፓ የብርድ ወራት፣ አገሩ ዳቦ አጥታ ሰው ሲራብ እነዚህ ልጆች ተሻላቸው፤ ዳቦ ሲመለስ ታመሙ። ከዚያም በፊት ይጠረጥር ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1950 ጽፎ አስረከበ። የኔን ልጅ ሕመም ለሰው ሳስረዳ ከዚህ ታሪክ የተሻለ መንገድ አላገኘሁም።

እኔን_ጠይቁኝ፦
ይቅርታ ግን ሴሊያክ የፈረንጅ በሽታ ነው። የኛን ሕፃን የሚያጫጨው ቆሻሻ ውሃና ድህነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉት ልጆች 37 በመቶው ቀንጭረዋል። ሁሉም ሴሊያክ ነው ልትሉን ነው? እናቲቱን አዲስ አበባ አታንከራቱ።

ዳቦ_አልባ (አዳማ)፦
ወንድሜ፣ 37 በመቶው ልክ ነው፣ ብዙው በውሃና በድህነት ነው ያልከውንም አልክድም። «የፈረንጅ» የምትለውን ግን አልቀበልህም። እ.ኤ.አ. በ1999 በሰሐራውያን (በምዕራብ ሰሐራ ሕዝብ) ልጆች ላይ በተደረገ ጥናት 5.6 በመቶው ሴሊያክ ተገኝቶባቸዋል፤ አውሮፓ ውስጥ ከመቶ ሰው አንዱ ገደማ ነው። ሰሐራውያን አፍሪካውያን ናቸው። እኛ አገር ብዙ የማይሰማው፣ በኔ ግምት፣ ጤፍ ስለምንበላና ስለማይመረመር ነው። የኔ ልጅ ደግሞ ጥቁር ናት፣ መጥተህ እያት 🙂

እኔን_ጠይቁኝ፦
የሰሐራውያኑን አላውቅም ነበር። እሺ። ግን መጀመሪያ ጃርዲያው።

ዳቦ_አልባ (አዳማ)፦
እሱ ላይ አንድ ነን።

ሲስተር_ፈረቃ፦
ሕፃናት ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ፤ ከፈረቃ ስወጣ ነው ያየሁት። ሐይቅ ዳር፣ ጥቂት ጥያቄ አለኝ። የክንዷ መለኪያ ስንት ነበር? እግሯ አብጦ ያውቃል? አይረኑን የምትሰጫት ከምን ጋር ነው? ስትወለድ ስንት ኪሎ ነበረች? ቤት ውስጥ የሚያስል ሰው አለ?

ሐይቅ_ዳር፦
ሲስተር፣ ስለጠየቁኝ አመሰግናለሁ። ክንዷ 12.8 ነው፤ «አረንጓዴ ናት፣ ደህና ነች» ተብለን ተመለስን። እግሯ አላበጠም። አይረኑን ጠዋት በባዶ ሆዷ በውሃ ነው የምሰጣት፣ ሻዩ የሚመጣው ቆይቶ ነው። ስትወለድ 3 ኪሎ ከ100 ነበረች። የሚያስል የለም። ወንድሟ 6 ዓመቱ ነው፣ እሱ እንደ በሬ ነው፣ ምንም የለበትም።

ሲስተር_ፈረቃ፦
ጥሩ፣ አሁን ልመልስልሽ።

የክንዱ ቴፕ የተሠራው አፋጣኝ ሕክምና የሚያስፈልገውን ልጅ ቶሎ ለመለየት ነው። ከ11.5 ሴንቲሜትር በታች ቀይ፣ እስከ 12.5 ቢጫ፣ ከዚያ በላይ አረንጓዴ። ያንቺ ልጅ ዛሬ አደጋ ላይ አይደለችም ማለት ነው፣ እያደገች ነው ማለት ግን አይደለም። ማደጓን የሚያሳየው የእድገት ካርዱ ላይ ያለው መስመር ነው። በዚህ ዕድሜ የሴት ልጅ አማካይ ክብደት 12 ኪሎ ገደማ ነው፤ በ9.4 ከተለመደው ልክ በታች ናት። ከዚያ ይልቅ የሚያሳስበኝ ለወራት መስመሩ መተኛቱ ነው። ካርዱን ይዘሽ ሂጂ፣ ሐኪሙ ቀና ብሎ የሚያይሽ ያኔ ነው። ቁመቷም ይለካ፤ ቁመት መለካት ብዙ ቦታ ይዘለላል።

አይረኑን በትክክል እየወሰደች ደሟ አለመነሳቱ ትልቅ ፍንጭ ነው። ብዙ እናቶች ከወተት ወይም ከሻይ ጋር ይሰጡታል፣ ያኔ ባይሠራ አይገርምም። አንቺ እንደዚያ ስላላደረግሽ ለሐኪሙ ለይተሽ ንገሪው። ሻዩን ግን ከቁርሱም አውጪው፤ የምግቡን አይረን ይይዛል፣ ለልጅም የሚጨምረው ነገር የለም። በምትኩ ብርቱካን ብትሰጫት አይረኑን ያስመጥጣል።

ወደ ጥያቄሽ። ስንዴ፦ ከላይ የተባለው ትክክል ነው፣ ደሟ እስኪወሰድ እንደወትሮዋ በየቀኑ ትብላ። ወተት፦ ይህኛው የተለየ ነው። ጃርዲያ ወይም ረጅም ተቅማጥ የወተት ስኳር የሚፈጨውን ላክቶስ አፍራሽ ንጥረ ነገር ለጊዜው ያሳጣል፤ አንጀቱ ሲያገግም በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል። ስለዚህ ለሐኪሙ ነግረሽ የጡጦውን ወተት ለሁለት ሳምንት በእርጎ ተክተሽ ማየት ትችያለሽ። እርጎ ላክቶሱ ስለሚቀንስ ብዙዎቹ ይቀበሉታል። ታዲያ ከጥሬ ወተት የረጋ አይሁን፤ ወተቱን አፍልተሽ፣ ለብ ሲል ጥቂት እርጎ ጨምረሽ አርጊው። ሁለቱን በአንድ ቀን ብታቆሚ ግን የትኛው እንደረዳት አታውቂም፣ ከዚያም በላይ የቀራት ምግብ ሽሮና ቡላ ይሆናል፤ ከሳች ብለሽ እየፈራሽ ራስሽ ታከሺያታለሽ።

ተቅማጡ ሲበረታ ለምለም (ኦአርኤስ) እና ዚንክ ይሰጣት፤ ዚንኩ ከ6 ወር በላይ ላለ ልጅ በቀን 20 ሚሊግራም ከ10 እስከ 14 ቀን ነው፣ ተቅማጡ ቢቆምም ይጨረሳል።

ሁለቱን የእግሯን ጀርባ በአውራ ጣትሽ ለሦስት ሰኮንድ ጫን አድርጊ። ጎድጉዶ ከቀረ፣ ወይም ደም ካስቀመጣት፣ መጠጣት ካቃታት፣ ከፈዘዘች፣ ቀጠሮ አትጠብቂ። ሐኪሙ የቲቢና የኤችአይቪ ምርመራም ቢጽፍ አትደንግጪ፣ ኪሎ አልጨምር ያለ ልጅ ሁሉ ይታይለታል።

የመንትዮቹ_እናት፦
ሲስተር፣ ፕላምፒናትስ? ሱቅ ውስጥ ሲሸጥ አይቻለሁ፤ ገዝታ ብትሰጣት አይጠቅምም?

ሲስተር_ፈረቃ፦
አንዱ ፓኬት 92 ግራም ነው፣ 500 ኪሎ ካሎሪ አለው፣ ለተጎዳ ልጅ ሕይወት አድን ነው። ግን በጤና ተቋም ተመዝኖ በክትትል የሚሰጥ ሕክምና ነው፤ ሱቅ ላይ ያየሽው ለታመመ ልጅ የታሰበውን ነው። ውስጡ የወተት ዱቄትና ለውዝ አለ። ወተቱን እየሞከርን ባለንበት ሰዓት ቢጨመር ነገሩን ያደበላልቀዋል።

እማማ_ዳቶ፦
ልጆቼ እንደምን ናችሁ። የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ናት። ልጄ ሐይቅ ዳር፣ ጥርሷን አታስነኪ። በኛ ጊዜ ይነቅሉ ነበር፣ እንጥልም ይቆርጡ ነበር፤ ደሙ አልቆም ብሎ የቀረ ልጅ አውቃለሁ። አማትሽን አትጣያቸው፣ «ሐኪሙ ደሟ እስኪነሳ አይሆንም ብሏል» በያቸው፤ እውነት ነው፣ ክብራቸውም አይነካም።

ቡላ ብርቱ ምግብ ነው፣ እኛ ሲዳማ ለአራስም ለታመመም እሱን ነው የምናቀርበው። ቅቤ አብዝተሽ አብያት፣ ትነሳለች።

ሲስተር_ፈረቃ፦
እማማ፣ ስለ ጥርሱ የተናገሩት ወርቅ ነው። ቡላውን ግን ትንሽ ልሟገትዎት። ቡላ ለሆድ ይስማማል፣ ግሉተን የለውም፣ ጉልበት ይሰጣል፤ ፕሮቲኑ ግን እጅግ ጥቂት ነው። ብቻውን ልጅ አያሳድግም። ቅቤውም ቢሆን፣ አንጀቷ ስብ መምጠጥ ካቃተው ባበዛንላት ቁጥር ተቅማጡ ይብሳል። የስብ ምርመራው እስኪታወቅ በልኩ ይሁን።

እማማ_ዳቶ፦
እሺ ልጄ፣ እኔም ቡላን ብቻውን አላልኩም፣ አላስጨረሽኝም። ገንፎው ሊወርድ ሲል አንድ እንቁላል መትተሽ ጨምሪበት፣ እያማሰልሽ፣ ደህና አድርጎ ይብሰል። አሳ ደግሞ አለልሽ፤ ሐይቁ ደጅሽ ሆኖ ልጅ በብስኩት ታሳድጊያለሽ? አሞራ ገደል ጠዋት ሄደሽ ቆሮሶ ግዢ፣ ፊሌቶውን አስወጪ። ቀቅለሽ በጣትሽ እየዳሰስሽ እሾኹን ልቀሚ፣ ከድንች ጋር ፍጪው። እዚያ ጥሬውን የሚበሉ አሉ፣ ለልጅ ግን እንዳትሞክሪው። ጾም ነው ብለሽም ድስት አትከልክያት፤ ለሷ ትንሽ ድስት ለብቻ አድርጊላት፣ ያን ጊዜ ዕቃችን ይነካብናል የሚል የለም።

የሐዋሳ_ልጅ፦
እማማ፣ ቁርስ ሳልበላ አሳ አስመኙኝ 😄

ቀበና_12፦
ይቅርታ ክሩን ልጠልፍ ነው። የኔ ልጅ ደግሞ 2 ዓመት ነው፣ ካካው ውስጥ በቆሎና ካሮት እንዳለ ይወጣል። ይህም አለመመጠጥ ነው? ኪሎው ጥሩ ነው፤ ጭማቂ ብቻ ነው የሚወደው።

ሲስተር_ፈረቃ፦
ኪሎውና ቁመቱ በመስመሩ ላይ እየሄደ ከሆነ አትጨነቂ። የበቆሎ ሽፋን የትልቅ ሰውም ሆድ አይፈጨውም። ጭማቂውን ቀንሺ፣ ፍሬውን እንዳለ ይብላ፤ ብዙ ጭማቂ በዚህ ዕድሜ ራሱ ያስቀምጣል። ሐይቅ ዳር የገለጸችው ሌላ ነው፤ እሷ ጋ ገርጣ፣ የሚጣበቅ፣ ኪሎ የሚያስቀር ነው።

ሐይቅ_ዳር፦
የሁላችሁንም አነበብኩ፤ ባለቤቴም አነበበ። ስንዴውን አልነካሁም። ዳቦ አልባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ቢሆንስ ብዬ ሌሊት እያሰብኩ ነው። ሴሊያክ ከሆነ ቤቱ እንዴት ይሆናል? ጤፍ ስላለን ይቀለናል አይደል?

ዳቦ_አልባ (አዳማ)፦
ይቀላል፣ ግን ጤፍ ስላልሽ አላመለጥሽም። ዳቦ፣ ድፎ፣ አምባሻ፣ ፓስታ፣ መኮሮኒ፣ ብስኩት፣ ጨጨብሳ፣ እነዚህን ሁሉም ያውቃቸዋል። ቅንጬ፣ በሶ፣ የገብስ ቆሎ፣ የገብስ ገንፎ ይከተላሉ። ሰው የሚሸወደው ሌላ ቦታ ነው።

አንደኛ ወፍጮ ቤት። ንጹሕ ጤፍ ይዘሽ ትሄጃለሽ፣ ከፊትሽ ያለችው ሴት ስንዴ አስፈጭታ ወጥታለች፤ ድንጋዩ ላይ የቀረው ዱቄት ያንቺ ጤፍ ውስጥ ይገባል። እኛ ጤፍ ብቻ የሚፈጭ ወፍጮ እስክናገኝ ሰፈር አቋርጠናል። ሽሮም እዚያው ነው የሚፈጨው፣ አትርሺ። ሁለተኛ እርሾ። ጎረቤት የሰጠችሽ እርሾ ገብስ ከቀላቀለች ቤት የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ከንጹሕ ጤፍ የራስሽን ጀምሪ። ሦስተኛ የሚገዛ እንጀራ። ሁሉም አይደለም፣ ግን ሩዝና ማሽላ የሚቀላቅል አለ፣ እሱ አይጎዳትም፤ ገብስና ስንዴ የሚቀላቅልም አለ፣ ልዩነቱን ደግሞ ዓይን አይለየውም። አራተኛ የአጥሚት ምጥን፦ ስንት ዓይነት እህል እንዳለበት የፈጨችው ብቻ ናት የምታውቀው። አጃ ደግሞ በራሱ ሌላ ቢሆንም ከስንዴ ጋር እየተነካካ ነው ገበያ የሚደርሰው።

ከምግቡ ይልቅ የከበደን ሰው ነው። ጎረቤት ፍቅሩን በዳቦ ነው የሚገልጸው። «ትንሽ ብትቀምስ ምን ትሆናለች» የማይል ዘመድ የለም፤ ልጄ ለቅሶ ቤት፣ ልደት፣ ክርስትና ስትሄድ ኪሷ ውስጥ የሽንብራ ቆሎ አለ። መዋለ ሕፃናት ስትገባ ለመምህሯ ግሉተን ምናምን ብዬ አላብራራሁም፤ «ስንዴ ይመርዛታል» አልኳት። ቃሉ ልክ አይደለም፣ ሥራውን ግን ሠራ። ሕመሙን ያመነችው እናቴ ናት፣ እሷም ልጅቷ ስትወፍር በዓይኗ ስላየች ነው። እስከዚያ ድረስ የረሃብ ምግብ ነው የምታበሏት ስትል ነበር።

የመንትዮቹ_እናት፦
የወፍጮውን ነገር በሕይወቴ አስቤው አላውቅም።

አቦል_ቡና፦
እኔም። እሺ ትል ብቻ አይደለም፣ ተሸንፌያለሁ።

ሐይቅ_ዳር፦
ሰላም፣ ከቆየሁ በኋላ ተመልሻለሁ። ዜናው ግማሽ ነው።

ማይክሮስኮፕ እንዳለው ናሙናውን በተለያየ ቀን ወሰድኩ። የመጀመሪያው ምንም የለም ተባለ፣ ቀጥሎ ግን ጃርዲያው ተገኘ። ያ «እንደ በሬ ነው» ያልኩት ወንድሟም ላይ! ሁለቱም ታከሙ፣ ውሃ እናፈላለን፣ ጥፍራቸውንም ከርክሜያለሁ። ጡጦውን በእርጎ ቀየርኩት፤ የሆዷ መነፋት ጎድሏል፣ ካካዋም በቀን አንዴ ሁለቴ ሆኗል። ቡላውን በእንቁላል፣ አሳውን በድንች እያልን፣ 9.8 ገብታለች።

ግማሽ ያልኩት ለደሙ ነው። ቲቲጂው የተለመደው ልክ ላይ ነው። ጠቅላላ አይጂኤዋ ግን ዝቅ ብሏል። ሐኪሙ በዚህ ምክንያት የመጀመሪያውን ውጤት እንዳለ ማመን አይቻልም አለኝ። ደስ ልበል ወይስ ልዘን ግራ ገባኝ።

ማይክሮስኮፕ፦
ሐኪምሽ ጥሩ ሐኪም ነው። ቲቲጂ አይጂኤ የሚለካው አይጂኤ የሚባለውን የአንቲቦዲ ዓይነት ነው። ሰውነቷ ድሮም አይጂኤ የሚያመርተው ጥቂት ከሆነ ሕመሙ ቢኖርም ቁጥሩ ዝቅ ይላል። መፍትሔው አይጂጂ በሚባለው በሌላው የአንቲቦዲ ዓይነት የሚሠራውን ምርመራ ማሠራት ነው። አንድ የሚያያዝ ነገር አለ፦ አይጂኤ ያነሰው ሰው ጃርዲያ ይደጋግመዋል፣ ሴሊያክም ከሌላው ሰው ይልቅ ይገኝበታል። ስለዚህ ሁለቱም ጥያቄ ክፍት ነው።

ሲስተር_ፈረቃ፦
እጨምራለሁ፣ በዚህ ዕድሜ አይጂኤ ገና እያደገ ስለሆነ ዝቅ ማለቱ ብቻውን በሽታ አይደለም። 4 ዓመት ሳይሞላት «አይጂኤ የላትም» ተብሎ አይደመደምም፤ ብዙዎቹ ይደርሳሉ። ኪሎዋ ወደ ላይ መነሳቱን ትልቅ ነገር አድርጊው። በየወሩ በዚያው ሚዛን፣ በቀላል ልብስ መዝኛት። ወተቱንም አንጀቷ ካረፈ በኋላ በትንሽ በትንሹ መልሺላት፤ ለዘላለም የተከለከለ አይደለም።

ሐይቅ_ዳር፦
የአይጂጂው ደም ተወስዷል፤ እሱም ካልጠራ አዲስ አበባ በኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ) ከአንጀቷ ትንሽ ናሙና ይወሰዳል ተብለናል። እስከዚያ ዳቦዋን ልቀጥል? እየተሻላት ሳለ ማብላቱ እጄን ያዘኝ።

ዳቦ_አልባ (አዳማ)፦
ቀጥዪ። ኢንዶስኮፒውም የሚያየው ስንዴ ሲገባ አንጀቱ የሚሆነውን ነው፣ ካቆምሽ ጸጉሩ ያገግምና ናሙናው አያሳይም። በቀን ጠዋት አንድ ቁራሽ ዳቦ ይበቃል፣ ማግበስበስ አያስፈልግም። በጣም ካስቀመጣት ወይም ኪሎዋ ከወረደ ለሐኪሙ ደውይ፣ በራስሽ አትወስኚ።

ወደ አዲስ አበባ የሚያስኬድ ከሆነ በቀጠሮው ዋዜማ ግቡ። ልጅቷ ለሰዓታት ሳትበላ ነው የምትቆየው፣ ከሐዋሳ ሌሊት ተነስቶ በመኪና ላይ ማስራብ ከባድ ነው። ማስተኛ ይሰጣታል፣ ሥራው ራሱ ረጅም አይደለም፤ ስትነቃ ግን ተናዳ ነው የምትነቃው፣ የምትወደውን ነገር ያዢላት። የእድገት ካርዱን፣ የሰገራውንና የደሙን ውጤት በሙሉ ኦሪጅናሉን ያዙ። ሁለት ሆናችሁ ሂዱ፣ አንዱ ወረቀት ይዞ ሲሮጥ ሌላው ልጅ ይይዛል።

ሐይቅ_ዳር፦
ባለቤቴ ፈቃድ ይጠይቃል። የአይጂጂው ውጤት ሲመጣ እዚሁ እጽፋለሁ።

እማማ_ዳቶ፦
አማትሽስ?

ሐይቅ_ዳር፦
ጥርሱን ትተዋል እማማ። አሁን አሳውን እሾኽ የሚለቅሙት እሳቸው ናቸው፣ «ሌላ ሰው አላምንም» ብለው ነው 😄